ሳይለካ የተቆረጠ

ሜትሩ ከልብስ ሰፊዋ አንገት አይወርድም፤ ገበያ ስትወጣ እንኳ ከሻርፗ በላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማልያ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ቁጣዋን ይቀምሳል። "እጅህን አንሳ። ዝለል። እንደ በረኛ ተዘርጋ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?" እያለች ነው የምትለካው።

ከዓረብ አገር ይዛው የመጣችውን ማሽን በጦርነቱ ዘርፈዋታል፤ አሁን የምትሰፋው በተውሶ ማሽን ነው። የክሩም የጨርቁም ዋጋ እጥፍ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ የማልያውን ቁጥር በከሰል ካውያ ስለምትለጥፍ ጣቶቿ ጠባሳ ብቻ ናቸው።

ዛሬ የሰላም ዋንጫ አዘጋጅ ነኝ ያለ ሰውዬ ለሚጫወቱት ልጆች ሃያ ሁለት ማልያ ሊያዝዝ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

"መለካቱ ይቅር እህቴ፣ ጊዜ የለንም። ሁሉንም አንድ ልክ አድርጊው" አላት።

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ወላሂ፣ በዕድሜዬ ሰው ሳልለካ የቆረጥኩት አንዴ ነው። ጦርነቱ እዚህ የደረሰ ጊዜ፣ ለማልያ ያስቀመጥኩትን ነጭ ጨርቅ ለሬሳ ከፈን ቆራረጥኩት። ያኔም ጊዜ የለም፣ አንድ ልክ አድርጊው ነው የተባልኩት።"

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

"ልጆቹን በእግራቸው አምጣቸው። እየዘለሉ ልለካቸው።"