ከበሩ የሰፋችው ጋሪ

ዲሪር እናቱን ጂቡቲ ድረስ በነፃ መውሰድ ይችላል። ካሰኘው አዲስ አበባም ይወስዳታል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ነውና፣ እናቱ ሃሊሞ በእሱ ስም በሚሰጣት የነፃ መሳፈሪያ ወረቀት መስኮት ዳር ተቀምጣ አገር ላገር ብትዞር የሚጠይቃት የለም። ያቃተው ቀፊራ ገበያ ማድረስ ነበር። ቀፊራ ደግሞ አሸዋ የሞላውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እዚያው ማዶ ነው፤ ፍየል እንኳ ጠዋት ሄዳ፣ የሰው እህል ቀምሳ፣ ተደብድባ ለምሳ ትመለሳለች።

ይህንን የሚያወራው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ዲሪር ነው። በጥገና ቤቱ ለሻይ በተቀመጡ ቁጥር፣ ሰው ሳይቀድመው በራሱ ላይ መሳቅ ልማዱ ነበር። “አቦ፣ እኔ ሩቅ አገር የምችል፣ ቅርብ የሚያቅተኝ ሰው ነኝ” ይላል። ይስቃሉ። እሱም ይስቃል፤ ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ይነሣል።

ሃሊሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቀፊራ ወተት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ከመልካ ጀብዱ የሚመጣውን ወተት በጠዋት ትረከባለች፣ ከወተቱ ጋር የመልካ ጀብዱንም ወሬ ትረከባለች፣ ሁለቱንም እስከ ቀትር አራግፋ ትጨርሳለች። አንድ ቀን ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሸላት፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን እንደ ልብ አልገጠመምና ቆሞ መሄድ ቀረ። ሁለት ክረምት የቤታቸውን ጠባብ ግቢ ስታይ ከረመች። ጎረቤቶቿ ወተት ሻጮች ቦታዋ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጠው “የሃሊሞ ነው” እያሉ ሲጠብቁላት ቆዩ። በኋላ ግን ሮመዳን ሲገባ መልእክት ላኩ፤ እስከ ዒድ ይጠብቃሉ፣ ከዒድ ወዲያ ግን ቦታውን የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ወተት አይሸጥም።

ሃሊሞ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ዲሪር ቁጣዋን ለምዶታል፤ ስድቧንም በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና ባማርኛ ለይቶ ያውቀዋል። ዝም ስትል ግን ፈራ። እናቱ ከፊቱ እየሞተችበት መሰለው።

መጀመሪያ ጋሪ አነጋገረ። ባለ ጋሪው አሮጊቷን አየ፣ ከፍ ያለውን መወጣጫ አየ፣ ከዚያ ሁለት ዋጋ ጠየቀው።

“ለምን ሁለት?” አለ ዲሪር።

“ስትቀመጥ ሰው ናት፣ የሰው ትከፍላለህ። ስትወጣና ስትወርድ እኔ ነኝ የምሸከማት፣ የዕቃ ትከፍላለህ።”

ደርሶ መልስ ሲታሰብ የወተቱ ትርፍ ለጋሪው፣ የዲሪር ደሞዝ ለፈረሱ ሊሆን ነው። “ወላሂ፣ ከዚህስ በፈረሱ ፋንታ ቀጥሮኝ እኔ ብጎትት ይሻላል” አለና በራሱ ጀርባ ሊሸከማት ቆረጠ።

ዲሪር አጭር ነው። ሃሊሞ ረጅም ናት። በጀርባው ላይ ሆና እግሯ አቧራውን እየጠረገ፣ ወደ ቀኝ ስትፈልግ ቀኝ ጆሮውን፣ ወደ ግራ ስትፈልግ ግራ ጆሮውን እየሳበች ሰፈሩን አቋረጡ። “ዲሪር፣ ከባቡር ወደ ግመል አዛወሩህ?” አለው አንዱ። ዲሪርም “ግመልማ ውኃ ሳይጠጣ ይከርማል፤ እኔ ገና ደቻቱ ሳልደርስ ጠማኝ” አለ። የደቻቱ አሸዋ ላይ ሲደርስ ወገቡ እምቢ አለው፤ እናትና ልጅ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። የመለሳቸው ያው ባለ ጋሪ ነው፤ አሁንማ ተሸካሚውም የሚሸከመው ስለሚፈልግ ዋጋው ጨመረ። ከዚያ ዲሪር ወገቡ ተይዞ ተኛ፣ ሃሊሞ በቅባት አሸችው። ታማሚዋ አስታማሚ ሆና አረፈችው።

ወገቡ ሲለቀው ያሰበው የመጨረሻው ነገር እጁ የሚያውቀው ነበር። ጋሪ ይሠራላታል፤ ፈረስ የሌለው፣ በሰው የሚገፋ። አለቃውን አስፈቅዶ ከተጣለው ብረት መረጠ፣ ከተሰበረ ጋሪ ሁለት ጎማ ገዛ፣ ለመቀመጫ ደግሞ ከሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የተነቀለ የእንጨት ወንበር አገኘ።

“ያንደኛ ማዕረግ አጥተህ ነው?” አለች ሃሊሞ ወንበሩን ስታየው። ብዙ ቀን ከቆየ ዝምታዋ በኋላ የተናገረችው ይህ ነበርና ዲሪርን ደስታው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አሳጣው።

ሥራው ግቢ ውስጥ ሆነ። የሥራ ባልደረባው ክፍሌ እየመጣ ያግዘው ጀመር። የሁለቱም እንጀራ አንድ ነበር፦ የፉርጎ እግር። የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ እነሱም ስንት ዓመት ሙሉ የግራና የቀኝ ጎማ በዚያ ልክ መቀመጡን ሲለኩ ኖረዋል። ከልኩ ከወጣ ባቡር ይገለበጣል። እናም የሃሊሞን ጋሪ ማንም “ስንት ይሁን?” ሳይል፣ እጃቸው ራሱ አንድ ሜትር አደረጋት። ክፍሌ የመለኪያውን ብረት በጎማዎቹ መካከል ከተተና “ንቅንቅ የለም! ይቺማ ጂቡቲ ትገባለች!” ብሎ ፈረመላት።

የዒድ ዋዜማ ጠዋት፣ ቀፊራ የሚጨናነቅበት ቀን፣ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ተሰበሰበ። ሃሊሞ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ የወተት ቅሎቿን በግራና በቀኝ አስቀምጣ ጋሪዋ ላይ ተሰየመች። ዲሪር ደረቱን ነፍቶ ገፋ። ጋሪዋ ተንከባለለች፣ ፈጠነች፣ ከዚያ ጓ! ብላ በሩ ላይ ቀረች። ጎማዎቿ የግራና የቀኙን ግድግዳ እኩል ነክሰዋል።

ሃሊሞ ቀና ሳትል፦

“ዲሪር።”

“አቤት ሆዮ፣ እናቴ።”

“በዚህ በር ስትገባና ስትወጣ ስንት ዓመትህ ነው?”

ክፍሌ ያንኑ መለኪያ ብረት ይዞ መጣና በሩን ለካው። ጎንበስ ብሎ ደግሞ ለካው። “ጋሪዋ ልክ ናት” አለ በመጨረሻ፤ “ጥፋቱ የበሩ ነው።”

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ ዲሪር የዚያን ቀን ለራሱ ያለው ይህንኑ ነው። ሳቁ ሲፈነዳ አብሮ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ፀሐይዋን እያየ ነበር። ወተቱ ሊሞቅ ነው፤ ቦታው ዛሬ ካልተያዘ ሄደ። ግድግዳውን ላፍርስ ብሎ የቤቱን ባለቤት እትዬ አለምብርሃንን ለመናቸው። “ልጄ፣ እኔ እንኳን ግድግዳ ላስፈርስ ሚስማር አላስመታም” አሉት። ስለዚህ ጋሪዋ ተፈታታች። በሩን ሰው ሞልቶታልና ወንበሩ በአጥር ላይ ወጣ፣ ጎማዎቹ በአጥር ላይ ወጡ፣ ብረቱ ወጣ። እናቱ ግን በአጥር አትወጣምና ዲሪር ያንን የታመመ ወገቡን አጎንብሶ አዝሎ በበሩ አወጣት። ጋሪዋ ውጭ ላይ ተገጣጠመች፤ መንገድ ጀመሩ።

የደቻቱ አሸዋ ጎማውን እስከ ወገቡ ዋጠው። ዲሪር በጾም አፉ ቢገፋ ንቅንቅ አላለችም። ቀፊራ የሚሄዱ ሰዎች ግን ሃሊሞን አወቋት። “ያ ረቢ! ሃሊሞ አለች!” እያሉ ባለ ጆንያውም ባለ ዶሮውም ዕቃውን እያስቀመጠ ገፋ። ሰፊ በመሆኗ አንዴም አልተንገዳገደችም፤ ዲሪርም “ይኸው! አውቄ ነው ያሰፋኋት” ብሎ ዋሸ።

ወተት ሻጮቹ እልልታቸውን ለቀቁት። ሃሊሞ ድንጋዩን አየችው፣ ብዙ አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሪዋ በዚያው ቅጽበት ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

“የባቡር ሰው ሆነህ ፍሬን ረሳህ?” አለች ሃሊሞ እንባዋን እየጠረገች። “በል፣ ያንን ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርገው።”

ቦታዋን ሲጠብቅ የኖረው ድንጋይ ፍሬን ሆነ። ወተቱም ወሬውም ከቀትር በፊት አለቀ።

ወደ ማታ ሲመለሱ ያ በር እንደገና ተጋረጠባቸው። ዲሪር ላቡን ጠርጎ ጎማዎቹን በስንዝር ለካና “ግድ የለም ሆዮ፣ ነገ ዒዱ ቢሆንም ብረቷን ቆርጬ አጠባታለሁ። ያኔ እስከ መኝታሽ ትገባለች” አላት።

ሃሊሞ መንገዱን እያየች ነበር። የሚያልፈው ሁሉ ይጠራታል፤ ያልሰማችው የሁለት ክረምት ወሬ ተከማችቶ ይጠብቃታል።

“አትንካት፤ ደጅ ትደር” አለች።

“አትገባማ ሆዮ!”

“እሷ ከገባች እኔንም ታስገባኛለህ። ሁለት ክረምት ገብቼ አየሁት።”

ዲሪር ቀልድ ፈለገ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣ። እናቱ ፈቀቅ አለችለት፤ አንድ ሜትሩ ለሁለት ሰው በቂ ነበር።

“ና ተቀመጥ” አለችው። “መጀመሪያ ግን ተምሩን ወደዚህ አምጣው፤ ጾማችንን እዚሁ እናፈጥራለን።”