የበሩ አበባ

የአይሁድ ፋሲካ በደረሰ ቁጥር የጎረቤቶቼ በረኪና ደረጃውን ሞልቶ ሲሸተኝ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው ሰፈር የምኖረው የሃምሳ ዓመቷ ሴትዮ ትቀርና የዘጠኝ ዓመቷ ጥፋተኛ እሆናለሁ።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እዚሁ ከተማ፣ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ መነኮሳት የሚኖሩበት ትልቅ የድሮ ቤት አለ፤ በሩ ላይ የነበረው የድንጋይ አበባ ዝናብ በልቶት መልኩ ስለጠፋ እንደገና እንዲቀርጸው ለአባቴ ተሰጠው። የግቢው አሮጊት መነኩሲት እማሆይ፣ ቤቱ ሲሠራ አበባው በሩ ላይ ሳይሰቀል፣ ገና መሬት ላይ ሳለ የተነሳውን ፎቶ፣ ያውም በወረቀት ሳይሆን በመስታወት ላይ ያረፈውን፣ «አደራ!» ብለው ሰጡት። ሁለት ሳምንት ሥራ ቦታው ሲያፈጥበት ከርሞ፣ በዓሉ ሲደርስ ለጥንቃቄ ብሎ ቤት አመጣውና መስኮቱ ላይ አስደገፈው።

የፋሲካ ጽዳት እኛ ቤት ቀልድ አልነበረም፤ እናቴ እርሾ የነካው ፍርፋሪ እንዳይቀር ፍራሹን ሳይቀር ታራግፋለች፣ የመስታወት ዕቃ ሁሉ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እኔ ጎበዝ ለመባል መስኮቱ ላይ ያገኘሁትን ጥላሸት የለበሰ መስታወት አብሬ ዘፈዘፍኩት፣ በረኪና ጨምሬ ፈተግኩት። እንዴት ጥርት እንዳለ ብታዩ!

አባቴ ገብቶ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ ሲይዘው ፎቶው ታጥቦ ሄዶ በዚያኛው ወገን የታየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፤ መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ። የአበባው ቅጠሎች ስንት ነበሩ?»

አበባ መሆኑንም አላየሁም። «ሰባት» አልኩት።

«ጎበዝ! ተገላገልን» አለና ዓይኔን ጠረገልኝ። ለእማሆይም ጥፋቱን በራሱ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው። ውሸቴ በድንጋይ ተቀርጾ ተሰቅሏል፣ ዛሬ ነገ አንዱ ቆጥሮ አባቴን ያዋርድብኛል እያልኩ ስሰጋ ኖርኩ። «ሥራዬን አየሽልኝ?» ሲለኝ «አየሁ፣ ያምራል» እለው ነበር፤ ሁለተኛ ውሸት።

እሱ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። በቀደም የዚያ ፎቶ የወረቀት ቅጂ ተገኘ ተብሎ ግቢው ውስጥ ተሰቀለ። ሄጄ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ስምንት። እግዚኦ! ወጥቼ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ በሩ ቀና አልኩ። ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ስምንት።

ለካ እሱ ቀድሞውንም ያውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ ለቅሶዬን እንድተው ነው። እኔ ሞኟ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ብቆጥር ኖሮ ጭንቀቴ ያኔውኑ ባበቃ ነበር። ቅጠሎቹ ስስ ናቸው፣ ድንጋይ አይመስሉም። አሁን በእውነት አየሁለት፣ ያምራል፤ አየሽልኝ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።