ካሴ ሁለት

የአባቴ ደብተር አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመነጽሬ ጎን አለ። ሽፋኑ ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ የፎገራን ጭቃ ሲጠጣ ኖሮ አሁን ቀለሙ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ሲገልጡት ዛሬም ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ወፍ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን ይዤ ከወረታ ስወጣ አንዳንዶቹ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል። የአባቴ ነው እላቸውና ወሬውን ወደ ወፉ እመልሰዋለሁ። በዚህ ደብተር ያደረግሁትን ለማውራት አፍሬ ነው የኖርሁት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ደሴ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሩዝ ያመርት ነበር። ሩዙ ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ግሪሳ ሲያባርር ዕድሜውን ስለፈጀ ወፍ በድምፁ ይለይ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ የትኛው እንደመጣ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተጣላ ይነግረናል፣ እኛ እንስቃለን። አንድ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ፣ የሩቅ ማያ መነጽር ባንገቱ ያንጠለጠለ ሰው በሞተር ሳይክል መጥቶ ወረታ ሻይ ቤት ውስጥ ወፍ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ ሊቀልዱበት ፈልገው፣ ወፍ የሚጠላ ከሆነ የምትፈልገው ደሴ አለልህ ብለው ወደኛ ላኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገራችን ተበላሸ። ሁለቱ ማልደው ይወጣሉ። ሜዳው በዚያ ወር ግማሹ ውኃ ስለሆነ አባቴ ፀሐይ ሞቅ ሲል እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። የት ነበርህ ሲሉት ወፍ ሳሳይ ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። የወል ግጦሹ ሊለካ ነው፣ የዳር ማሳም አብሮ ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ደግሞ በሰፈሩ ከርሟል። ወፍ ለማየት ብሎ ከባሕር ዳር ድረስ ቤንዚን የሚያቃጥል ሰው አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እናቴ አላመነችም። እኔም አላመንሁም። ባለመነጽሩ መነጽሩን ረግረጉ ላይ ወደበቀለው ረጅም ሣር፣ ወደ ፊላው ሲያዞር ከፊላው ጀርባ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ በልቤ እመዘግብ ነበር።

የነፍስ ጓደኛዬ ትርንጎ ነበረች። አባቷ አያ ካሴ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ የነሱ እርሻ ከረግረጉ ዳር ነው፣ የኛ ደግሞ ከመንገዱ ዳር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰኞ ማክሰኞ ልንጫወት መሬቱ ላይ መስመር አስምሬ ስጨርስ ትርንጎ አልገባ አለች።

«አባትሽ መሬታችንን እያስለካ ነው። አባዬ ነው ያለው» አለችኝ።

መስመሩን በእግሬ ደመሰስሁት። ያን ዕለት ማታ ስለ አባቴ አላለቀስሁም፤ ስለ ትርንጎ ነው ያለቀስሁት። በማግስቱ አባቴ ኮቱን ሰቅሎ ከብት ሊያጠጣ ሲወርድ፣ ከባለመነጽሩ ጋር ሲወጣ የሚይዛትን ደብተር ከኪሱ አውጥቼ ሮጥሁ። ውስጡ ወፍ ብቻ እንደሚገኝ፣ ያን አንብቤላት እንደምንታረቅ ነበር ሐሳቤ። ቀድሜ ለራሴ ማንበብ እንኳ አልመጣልኝም። ምንጩ ዳር ቁጭ ብለን ገለጥሁት። አባቴ መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ።

«ካሴ ሁለት። ቄስ አለባቸው ሦስት። አዱኛ ሁለት። አዱኛ ጠፋ። ደሴ የለም።»

የሰፈራችን ሰዎች ስም ነው፤ ወፍ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ትርንጎ፣ «ሁለት ምን?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ለራሷ መለሰች። «ሁለት ቃዳ ነዋ! ከኛ ሁለት ቃዳ መሬት ሊያስወስድ ነው። ያንተስ ሲሉት ደሴ የለም ብሎ ጥፏል።» የውኃ እንስራዋን እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ሮጠች። እኔ ደብተሩን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትሁት፤ ገልብጬ መክተቴን ግን አላስተዋልሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ መስከረም ሚካኤል ሆነ። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር፤ በዚያ ቀን ጽዋውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ወር የሚደግሰው ተረኛ እሱ ነው። እናቴ ጌሾውን ወቅጣ ጨርሳለች። ጽዋው ሲገባ የሚረገጠውን ቄጠማ ያጨድሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱን ሞልቼው የእርጥብ ሣር ሽታ እስከ ደጅ ይወጣ ነበር። አባቴ ባዶ እጁን ገባ። ቄጠማው ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና፣ «ጽዋው አለፈን። ለአዱኛ ሰጡት» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ጽዋ ያለፈው ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚሸከመው ያጣል። አባቴ ከኮቱ ኪስ ደብተሩን አወጣ። ተገልብጦ ሲያገኘው ወደ እናቴ ሳይሆን ወደኔ ዞረ።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለትርንጎ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ማንበብማ ተምረሻል» አለኝና ወጣ። ይህ ቃል እስካሁን ያመኛል።

በማግስቱ ይዞኝ የማኅበሩ አባት ቄስ አለባቸው ቤት ሄደ። አያ ካሴም እዚያ ነበሩ። ቄሱ፣ «ደሴ፣ የጣፍኸው ምን እንደሆነ ንገረንና ጽዋህ ይመለስልህ» አሉት።

«አባታችን፣ ብነግርዎ አያምኑኝም፤ ላሳይዎ እችላለሁ። ግን ካሳየሁ በኋላ የሚሆነውን እፈራለሁ» አለ አባቴ። ሲናገር የሚያየው አያ ካሴን ነበር።

ወደ ረግረጉ ወረድን። አባቴ ከፊት፣ ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ልብሳቸውን ሰብስበው ከኋላው፣ አያ ካሴ በትራቸውን ይዘው፣ እኔ መጨረሻ። አያ ካሴ የመሬት መለኪያ ችካል ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱን የቆመ እንጨት በትራቸውን ሰድደው ይነኩታል። አባቴ ደግሞ በየጥቂቱ ዞሮ ያንኑ በትር ያያል። ፊላው መሃል ስንደርስ አናታቸው ላይ የወርቅ ክር የመሰለ ላባ የቆመባቸው ሁለት ረጃጅም ወፎች እየጮኹ ተነሥተው ራቅ ብለው ቆሙ። እኛ ባለዘውድ እንላቸዋለን። አባቴ ቄጠማውን በሁለት እጁ ገለጥ አደረገ። በተረገጠ ሣር ክምር ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሁለት እንቁላል ነበር።

«ይኸው፣ ካሴ ሁለት» አለ። «ካንተ ማሳ ዳር ስለሆነ ባንተ ስም ጣፍሁት። ካርታ መሣል አልችልም። የርስዎ ሦስት፣ አባታችን፣ ከጉብታው ወዲያ ነው። የአዱኛውን ከብት ረገጠው፣ ጠፋ። ከኔ ማሳ ዳር ጎጆ የሠራ የለም።»

ቄስ አለባቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አያ ካሴ ግን አልሳቁም። «ለዚህ ብለህ ነው ጽዋ ያሳለፍኸው? ለምን አልነገርኸኝም?» አሉ።

«አምና ችግኝ ነቀሉብህና ጎጇቸውን በእግርህ ያፈረስኸው አንተ ነህ፤ እንዴት ልንገርህ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ዘርግተው እንዳይነኩት አስማሏቸው፤ አያ ካሴም መስቀሉን ስመው ማሉ። በዚያው ሳምንት ጽዋው ወደ ቤታችን ገባ፤ እኔም እንደገና ቄጠማ አጨድሁ። ጽዋው በገባ በማግስቱ አባቴ ወደ ጎጆው ወርዶ ሲያይ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ቅርፊት እንኳ አልነበረም። ቤት ገብቶ እርሳሱን በምላሱ አርሶ ሲጽፍ አየሁት። «ካሴ ጠፋ።» ባለመነጽሩም ያን ሰሞን ተሰናብቶ ሄደ።

አያ ካሴ እኔ አልነካሁም አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ካንድ ጽዋ ጠጥተዋል፤ አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ዓይናቸውን ደኅና አድርጎ አላየም። እኔ ባላነብ ኖሮ ያን ጎጆ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም እሱ አንድ ቀን አላነሣብኝም።

ዛሬ ያ ፊላ አብዛኛው ሩዝ ሆኗል። ድሮ ማለዳ የወፍ ጩኸት ይሰማበት በነበረው ቦታ የውኃ ሞተር ይንደቀደቃል፤ ልጆቹ በወንጭፍ ፈንታ ስልክ ይዘው እንግዶቼን ፎቶ ያነሣሉ። መነጽሬን ባነሣሁ ቁጥር ግን አንድ ሰው ከማሳው ቀና ብሎ፣ «መሬት ልትለኪ ነው?» ማለቱ አልቀረም። አልቀየመውም። እኔም በአባቴ ላይ እንዲያ ነበርሁ።

ባለፈው መስከረም አያ ካሴ በትርንጎ ልጅ ስልክ ደወሉልኝ። ስሜን ጠርተው፣ «እንጉዳይ፣ የኔ ሁለት መጥተዋል» አሉኝ። ወረድሁ። አያ ካሴ አርጅተዋል። ከማሳቸው ዳር አንዲት ቁራጭ ፊላ ሳያርሱ ትተዋል፤ ጎረቤቱ ለዚያች ቁራጭ ጅል እንደሚላቸው ራሳቸው ነገሩኝ። በበትራቸው ጫፍ ቄጠማውን ገለጥ አደረጉት። ሁለት እንቁላል አለ።

«ያኔ እንቁላሉን የወሰደው አርጃኖ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ተሸክሞ ወደ ውኃው ሲገባ ባይኔ አይቻለሁ። ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ ተውሁት። እኔ አባትሽን መች አመንሁትና እሱ ያምነኛል?»

አርጃኖ፣ ያ ከውኃ ዳር የማይርቅ ትልቅ እንሽላሊት፣ እንቁላል ይበላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። የአባቴን ደብተር አውጥቼ መጨረሻ ገጹ ላይ ጻፍሁ። ማንበብ ስለማይችሉ፣ «ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ካሴ ሁለት» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው።

«እንደገና በይው» አሉኝ። እንደገና አልሁት። ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ላምናቸው ፈልጌ ነበር፣ አምኛቸዋለሁም ብዬ ተነሣሁ። ወደ ወረታው መንገድ ስወጣ ግን ሁለት ጊዜ ዞሬ በትራቸውን አየሁት።