ይባርክልህ ያልተባለለት ቤት

መጀመሪያ ልብ ያልኩት የሸሚዙን የላይኛዋን ቁልፍ ነው። የጋምቤላ ሙቀት ውሻውን ከጥላ ጥላ ሲያሳድድ፣ ደላላው ፍቃዱ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። «ሰው ቤት የሚያምነው ንጹሕ ለለበሰ ነው» ይላል። እኔ የእትዬ ሺታዬ ተከራይ ነኝ፤ የምኖረውም በጓሮዋ ክፍል ነው። ከፍቃዱ ጋር የተዋወቅነው ዋናውን ቤቷን ሊያሻሽጥ ሲመላለስ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለት ሽያጭ ፊርማ ላይ ሲደርስ ፈርሶበታል። ይሄም ከፈረሰ ማንም ዳግመኛ እንደማይጠራው ያውቃል። ስለዚህ ገዢው ያለውን ሁሉ እሺ አለ። ገዢው፣ ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ የሚሠራው ወንዳፈረው፣ በሩ ይለወጥ አለ፤ ተለወጠ። ግድግዳው ነጭ ይሁን አለ፤ ተቀባ። በፊርማው ቀን ጠዋት ደግሞ የሌሊት ወፎች ወደሚንጫጩበት ኮርኒስ አንጋጠጠ።

«የሌሊት ወፎቹ ካልወጡ አልፈርምም።»

ፍቃዱ እስኪመሽና በራሳቸው እስኪወጡ አልጠበቀም። ኮርኒሱን በአጣና በሳው። ጥቁር ዝናብ ወረደ! እንዲህ ያለ ጩኸት በዓለም መኖሩን አላውቅም ነበር፤ እንደ መርፌ የቀጠነ። ወደቁ፣ መታቸው። ተነሡ፣ መታቸው። ክንፋቸው ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

ባጃጁን አጥሩ ስር ያቆመው ጎረቤታችን ዱዎት በመስኮት ብቅ አለ።

«ጋሼ ፍቃዱ፣ ኪራይ አልከፈሉም እንዴ?»

ወለሉን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ወንዳፈረው ከሰዓት መጣና ግድግዳውን አየ።

«ቄራ ልትሸጥልኝ ነው?»

«ይታጠባል፣ ወንድሜ።»

«ይቀባል እንጂ! ኮርኒሱም ይቀየራል። አንተ ሸሚዝህን እንጂ ቤት መሸጥ አታውቅም።»

አጣናው ሲነሣ አላየሁም፤ ሲያርፍ ሰማሁ። ወንዳፈረው ደፉ ላይ ተንበረከከ። ፍቃዱ ደገመው። ደሙ ደፉን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ከዱዎት ጋር ተረባርበን አጣናውን ቀማነው።

ያን ጊዜ ወንዳፈረው ግንባሩን በመሐረብ ይዞ፣ «ዋጋው ይቀነስልኝ፤ እፈርማለሁ» አለ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ፍቃዱ ጩኸቱን ሰምታ ወደ መጣችው እትዬ ሺታዬ ዞረ። ባለቤቱ «ይባርክልህ» ብሎ ካልመረቀ፣ ወረቀቱ ቢፈረምም በእኛ ዘንድ ቤቱ ተሸጠ አይባልም።

«እትዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ። ይባርክልህ ይበሉት።»

ደፉን አየች።

«ልጆቼ ዳዴ ያሉበት ደፍ ላይ ደም አፍስሳችሁ በምን አፌ ልመርቅ? ውጡልኝ። ሁለታችሁም!»

ወንዳፈረውን ዱዎት በባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ፍቃዱ እጅጌው ላይ የተጣበቀች ክንፍ በጥንቃቄ፣ እንዳትቀደድ የፈራ ይመስል፣ አነሳና መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ሸሚዝ አለህ?» አለኝ።

የኔን ሰጠሁት። ጠበበው።

«ፖሊስ ሳይመጣብኝ እኔው ልሂድ» አለ፤ የላይኛዋን ቁልፍ ታግሎ ቆለፈና በፀሐዩ መሃል ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቀና። ዞሮም አላየኝ።