ጠጅ ጣይዋ ቀድማ ትብላ

ነቀምቴ ውስጥ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የእትዬ ሸዋርጋን ጠጅ ቤት የሚፈልግ ሰው መንገድ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ንቦቹን መከተል ብቻ ነው። ሰፈፍ ከሚደፋበት የግቢው ጥግ አንስቶ እስከ ጓዳው ደጃፍ ንብ ይርመሰመሳል፣ ጉንዳን ይሰለፋል፤ ጠጪው ደግሞ ከሁለቱ ቀጥሎ ይመጣል። አባቷ ከሸዋ ጨው ጭነው መጥተው እዚያው የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። እሷ ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች ናትና ማር ስትገዛ በኦሮምኛ ትከራከራለች፤ ባለማሩ አልበገር ካላት ግን በአማርኛ ትቆጣለች። ዋጋው የሚወርደው ብዙ ጊዜ በቁጣው ነው።

ሁለት ደንብ ነበራት። አንደኛው፣ እሷ ሳትቀምሰው ከቤቷ የሚወጣ ጋን የለም። ጠዋት ጠዋት ከየጋኑ ትቀዳለች፣ ትጎነጫለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ይሄኛው ደርሷል፣ ያኛው ጌሾው ገና ነው፣ ይሄ ማር የቡና አበባ ነው ግን ሻጩ ውሃ አስነክቶታል ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። ሁለተኛውን ደንብ ከእናቷ ወርሳዋለች፤ ድግስ ላይ ጠጅ የጣለች ሴት እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ እስኪመሰግን ድረስ እህል አትቀምስም። ቀድማ የበላች እንደሆነ ጠጇን አላመነችውም ይባላል።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደልበት። በዚያ ሰሞን ሸዋርጋን ውሃ ውሃ ይላት ጀመር። ገንቦ ሙሉ ውሃ ጠጥታ መልሶ ይጠማታል፤ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፍቶ ይሽከረከራል። ለጠየቃት ሁሉ ጋን ሳጥን ጭሱ ጉሮሮዬን አድርቆት ነው ትላለች። ጉንዳኑ ከሰፈፉ ወጥቶ ወደ ሽንት ቤቱ መሰለፍ ሲጀምር ሌላ ቤት ቢሆን ሰው ይደነግጥ ነበር። ማር ቤት ውስጥ ግን ጉንዳን ወዴት እንደሚሄድ ማን ልብ ይላል?

አንድ ቀን ጋን እያጠበች ጉልበቷ ከዳትና ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን ሲነግራት ሳቀችበት። ስኳር ከገበያ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ እኔ ከየት አግኝቼው ነው አለችው። ሐኪሙም ሳቀና በየቀኑ መወጋት እንዳለባት ነገራት። ያኔ ሳቋን አቆመች።

መርፌውን ያስተማራት ገብረኪዳን የሚባል ድሬሰር ነው፤ ጎጃሜ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ሳይደግም የማይለቅ። መጀመሪያ ብርቱካን ሰጣትና ይውጉ አላት። ብርቱካኑን በሚገባ ወጋችው። ስሪንጁን በንጹሕ ድስት መቀቀል፣ ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መሃል ማንከባለል እንጂ አለመነቅነቅ፤ ይሄን ሁሉ ቶሎ ያዘችው፤ ጠጅም ሲነቀነቅ ይደፈርሳልና። ጭኗ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ወጋች። ዓይኗን ሳትገልጥ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«መርፌው እርስዎ እጅ ነው ያለው፣ እትዬ» አላት ገብረኪዳን። «እኔን ከሚጠይቁኝ ጭንዎን ይጠይቁ።»

አልቆ ነበር። ለካ ከንብ ንድፊያ ያነሰ ነው።

ከዚያ ደንቡን ነገራት። ጠጅ መጠጣት ቀርቷል። ከተወጉ በኋላ ምግብ በሰዓቱ፤ ቁርስም፣ ምሳም። ላብ ላብ ካላት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታባት መድኃኒቱ ስኳሯን አውርዶታል ማለት ነውና ወዲያው ጣፋጭ ነገር ትቅመስ፤ ስኳር ከሌለ ማር ከኪሷ አትለይ።

«አንተ ልጅ፣ ማር አትጠጪ ብለህ ሳትጨርስ ማር ያዢ ትለኛለህ?»

«በብርሌ ከለከልኩ፣ በማንኪያ ፈቀድኩ» አለ ገብረኪዳን። ቀጥሎ ስለ መቅመሱ ስትጠይቀው፣ ምላስዎ ላይ ያድርጉና ይትፉት አላት።

ከመርፌው ይልቅ ያመማት ይሄ ነው። ጠጅ መትፋት ለሷ የሰው ማዕድ ላይ ከመትፋት አይለይም። ቢሆንም ታዘዘች። ከጓዳው በስተጀርባ፣ ሰው ሳያይ፣ ቀምሳ ትተፋለች። ችግሩ የጠጅ ግማሽ ጣዕሙ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ምላስ የጀመረውን ጉሮሮ ይጨርሰዋል። እና የተፋችውን ጠጅ በእርግጠኝነት ደርሷል ማለት አቃታት። አብራት የምትኖረውን የእህቷን ልጅ ወይንሸትን ታስቀምሳለች። ወይንሸት ሥራ ላይ ጎበዝ ናት፤ ስትቀምስ ግን ሁሉም ጥሩ ነው። ኮምጣጤ ቢሰጧትም ጥሩ ነው ሳትል አትቀርም።

ሌላው ሁሉ ተቃንቶ ነበር። መድኃኒቱ ብርድ ይፈልጋል፤ ጎረቤቷ ፈድሉ፣ ጉራጌው ባለሱቅ፣ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበረው፤ ብልቃጡ ከለስላሳዎቹ መካከል ቦታ ተሰጠው። ፈድሉ ሙስሊም ነው፤ ጠጅ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። «ዕድሜዬን ሙሉ ካንቺ ቤት ብርሌ አልቀመስኩ፣ ያንቺ ብልቃጥ ግን ከእኔ ቤት መውጣት እምቢ አለ» ይላታል። ጠዋት ልትወስድ ስትመጣ ቁርስሽ ቀርቧል ወይ ብሎ ሳይጠይቅ አይሰጣትም። ቀርቧል ካላለች ፍሪጁን ተደግፎ ይቆማል። ሥጋዋ ተመለሰ፣ ቀሚሷ ልኳ ሆነ፣ ጥማቷ ጠፋ። የጎደላት ምላሷ ብቻ ነው። ምላሷን ካጣች ደግሞ ጠጅ ጣይ መሆኗ ቀረ፤ ያኔ ጋኖቿን ሸጣ ከወይንሸት እጅ መብላት ነው።

በዚህ መሃል ኦቦ ሞረዳ ከኑኑ ቁምባ መጡ። ቡና ገበሬ ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሌላ ጠጅ ጣይ ጠፍቶ አይደለም፤ ለራሳቸው ሠርግ የጠጡት የሸዋርጋ እናት የጣሉትን ነበርና ለልጃቸውም ከዚያው ቤት ካልሆነ አይሆንም። ሸዋርጋ «ቶሌ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ስለ መርፌው ግን ትንፍሽ አላለችም። የታመመች ሴት የጣለችውን ጠጅ ለሠርግ ማን ያቀርባል ብላ ፈርታ ነው።

የመረጠችውን ማር በጠበጠች፣ ጌሾውን ጣለች፣ ጋኖቹን አከታትላ አጠነች። ቀመሰች፣ ተፋች፣ ተጠራጠረች፤ ደግማ ቀመሰች። መጨረሻ ላይ ለወይንሸት፣ ከተበላሸ ኑኑ ቁምባ ላይ ነው የምናየው አለቻትና ጠጁን በጀሪካን ገልብጠው፣ ቡና በምታመላልስ ኤንትሬ መኪና ጭነው ሄዱ። ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ትንሽ ገንቦ ውስጥ አስቀምጣለች። ማር የሞላችበት ትንሽ ቀንድም ኪሷ ውስጥ ነው።

የሠርጉ ቀን ማልዳ ተወጋች፤ ድግሱ ገና ነውና ቁርሷን በላች። ከዚያ የአገር ልብሷን ለበሰች፤ የማር ቀንዱ ግን ባወለቀችው ቀሚስ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ሙሽራውና አጃቢዎቹ ከቀትር በፊት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የሉም። ኋላ እንደተሰማው፣ በዚያ ጠዋት የሙሽራው መንደር ሊቀመንበር ድንገተኛ ስብሰባ ጠርቶ ኖሮ፣ ሙሽራው ካባውን እንደደረበ ስለ ማሳ ዝግጅት ንግግር ያዳምጥ ነበር። ወይንሸት አክስቷን ጠጋ ብላ ብዪ እንጂ አለቻት። ሸዋርጋ አማቾቹ ሳይቀምሱ የምን መብላት ብላ ገፋቻት። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እያለች ጠጁን ታንቆረቁራለች፣ ብርሌ ታወለውላለች። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ሲል የዳሱ ሙቀት ነው አለች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ድካም ነው አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምታውቀው ሰዎች ነግረዋት ነው።

አማቾቹ እየጨፈሩ ደረሱ። ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ፤ እጅ ማስታጠብ ተጀመረ። የሙሽራው አጎት ኦቦ ዋቅወያ፣ ሽበታቸው የሚያምር፣ ቁምነገረኛ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘረጉ። የሚያስታጥበው ጎረምሳ ቀዳላቸው። እጃቸውን አሻሹ። ቆም አሉ። እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ፣ ከዚያ ጣታቸውን ላስ አደረጉ።

«ኦቦ ሞረዳ» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው፣ «በእኛ በኩል ጠጅ በአፍ ነው የሚገባው። እናንተ ዘንድ በእጅ ከሆነ ግን እኔ ክርኔ ድረስ ልታጠብ።»

ሸዋርጋ ማስታጠቢያዎቹን ሁሉ ጠጅ ሞልታቸው ነበር። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ሲሉ እሷ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች፤ ላቧ ይወርዳል፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ፈጧል፣ ከብርሌዎቹ ጋር በማር ዋጋ እየተከራከረች ነው። ጠጅ ጣይዋ ሰከረች የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ። ሳቁ ወደ ማንሾካሾክ ተቀየረ።

ወይንሸት ቀንዱን ፍለጋ የአክስቷን ኪስ ዳበሰች፤ የለም። ያኔ ምስጢር ጠባቂነቱ ቀረ። አክስቴ ጠጅ ካቆመች ቆይታለች፣ መርፌ ነው የምትወጋው፣ ባለመብላቷ ነው፣ ማር ስጡኝ አለች። የሞረዳ ባለቤት ጓዳ ገብተው የማር ቅላቸውን ይዘው ወጡ፤ ወይንሸት በጣቷ እየጠለቀች የአክስቷን ጉንጭ በውስጥ በኩል ቀባች። ሸዋርጋ ዋጠች። ደግማ ቀባቻት፤ ዋጠች።

ሸዋርጋ መጀመሪያ የመጣላት ጣዕሙ ነው። ዳሱ ከመታየቱ በፊት፣ ማን እንደሆነች ከማስታወሷ በፊት፣ ምላሷ ሥራውን ጀመረ። ጠቆር ያለ፣ ጫፉ ላይ መረር የሚል፤ ጉሮሮዋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር። ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እንደ ድሮው፣ ትንሽ ቆየች።

«የግራዋ ማር ነው» አለች። «ቶሎ ተቆርጧል፤ ደግሞ የተቀመጠው ሽንኩርት አጠገብ ነው።»

የሞረዳ ባለቤት ቅሉን አሸተቱና ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩ። ሽንኩርቱ እውነት አጠገቡ ነበር። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ፣ ሴቶቹ ተከተሏቸው፣ እልልታው ዳሱን ሞላው። ሸዋርጋ ዓይኗን ስትገልጥ ሁሉም ወደሷ እያየ ሲስቅ አገኘች፤ ለምን እንደሆነ ባታውቅም አብራ ሳቀች። ቀስ በቀስ ገባት። ምላሷ የትም አልሄደም፤ ስትተፋም ስትጠራጠርም እዚያው ነበር።

ኦቦ ሞረዳ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ታፍራ ይቅርታ ልትል ስትጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አዴ ሸዋርጋ፣ መታመምሽን ብትነግሪኝ ጠጁን የምተው መስሎሽ ነው?»

«የታመመች ሴት የጣለችው ይባላል ብዬ ነዋ፣ ኦቦ።»

«ማስታጠቢያውን ተመልከቺ» አሏት።

ተመለከተች። ኦቦ ዋቅወያ ማስታጠቢያውን ከጎረምሳው ተቀብለው በብርሌ እየቀዱ ነበር፤ ጠጁ በሌላ ዕቃ እንዲመጣላቸው እንኳ አልጠበቁም። የሚታጠቡበት ውሃ ፈላጊም አልነበረም።

ኦቦ ሞረዳ ተነሥተው ለአማቾቻቸው በኦሮምኛ ተናገሩ። እናት በጣሉት ጠጅ እኔ ተሞሸርኩ፣ ልጅ በጣለችው ልጄ ተሞሸረች፤ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጠጅ ጣይዋ ሳትበላ ብርሌ አይነሳም አሉ። አማቾቹ ተያዩ፤ ከሴት ቀድሞ አለመብላት በእነሱ ዘንድ አልተለመደም። ግን ኦቦ ዋቅወያ ብርሌያቸውን ከአፋቸው ሳይለዩ፣ ካለማወቅ አንዱን አንስተናል፣ ሁለተኛውን እሷ እስክትበላ እንጠብቃለን ብለው ፈረዱ። የመጀመሪያው ሳህን ሸዋርጋ ጭን ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ካባ የደረበ አጃቢ ቁጭ ብሎ አንዲት ጠጅ ጣይ ስትጎርስ ጠበቀ። ሙሽራው ራሱ፣ ከስብሰባ የተረፈው ርሃብ እያንገበገበው፣ ቶሎ ቶሎ ጉረሺ እንጂ እናቴ አላት። ከዚያ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ጀሪካኖቹ ባዶ ሆነው ተመለሱ።

ነቀምቴ ሲመለሱ ወሬው ኤንትሬዋን ቀድሟት ገብቶ ነበር። ሸዋርጋ የፈራችው ወሬ ግን አይደለም። ማር ጉንጯ ላይ ቢቀቡላት ከነተቀመጠበት መደርደሪያ ትነግርሃለች ይባባሉ ነበር፤ ትዕዛዙም በዛ። እሷ አሁንም ትቀምሳለች፣ ትተፋለች፤ ከጓዳው ጀርባ መደበቁን ግን ተወችው፣ አትጠራጠርምም። ጠጪዎቹም አዲስ ልማድ አመጡ። ቡርቃ ጃቶ ካለው በሯ ሲደርሱ ጠጅ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ቀረ።

«ኛቴ?» ይላሉ፤ በልተሻል ወይ ማለታቸው ነው።

በልቻለሁ ካለች ብርሌው ይወርዳል። ገና ነኝ ካለች ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስትበላ ይጠብቃሉ። ሸዋርጋም የሚጠብቁትን ሰዎች እያየች፣ ሆን ብላ፣ ቀስ እያለች ታኝካለች።