እማማ ውዴ የተከተቡ ለት

ትናንት ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ባለው ክሊኒክ በር ሳልፍ መርፌ በላምባ ምድጃ እየተቀቀለ ነበር። የላምባውና የአልኮሉ ሽታ ተደባልቆ ሲመጣብኝ፣ የልጅነት ጎረቤቴ እማማ ውዴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

በዚያን ጊዜ የወረታ አዛውንት አብዛኛው ፊቱ በፈንጣጣ የተነቃቀሰ ነበር። የእማማ ውዴ ፊት ግን እንደ ተወለወለ ቅል ለስላሳ ነው፤ «ቆንጆ» ሲሏቸው ይሽኮረመሙ ነበር። ፈንጣጣ አንዴ የያዘውን ሰው ተመልሶ አይዘውም። ያልያዘው ግን ቢያረጅም አይምረውም። ቁንጅናቸው አደጋቸውም ነበር ማለት ነው።

ልጃቸው በላይነሽ ይፋግ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እማማ ውዴ ሊያርሷት ቅቤውን አንጥረው፣ የገንፎውን ገብስ አስፈጭተው ቀኑን ይጠብቃሉ። በመሀል ይፋግ ፈንጣጣ ገባ ተባለ። አያ ካሴ የሚባሉ የኑግ ነጋዴ ከይፋግ ገበያ ሲመለሱ መልእክት ይዘው መጡ፦ «በላይነሽ፣ 'እናቴ ከወረታ ክሊኒክ ክታብ ሳትይዝ እንዳትመጣብኝ' ብላለች።»

«እሰይ! መንግሥትም ክታብ መጻፍ ጀመረ?» አሉ እማማ ውዴ።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ክሊኒክ ሄዱ፤ እናቴና እኔም አብረን ነበርን። በእጃቸው ለክታቡ መስፊያ የሚሆን ቀይ ቆዳና ራሳቸው የፈተሉትን ክር ይዘዋል። ቆዳውን ለወጣቱ ድሬሰር ዘረጉለት።

«እንካ ልጄ፣ ማኅደሩን ይዤልህ መጥቻለሁ። ክታቤን ስጠኝ።»

ድሬሰሩ ቆዳውን አገላብጦ አየና ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «እማማ፣ ክትባት ነው እንጂ ክታብ አይደለም። የሚከተበው ክንድዎ ላይ ነው።»

«ታዲያ ብራናውስ?»

«ብራናው እርስዎ ነዎት።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሽማግሎች በሳቅ ፈነዱ። ፊታቸው በፈንጣጣ የተበሳሳው አያ ካሴም እዚያው ነበሩ። «ውዴ፣ ይህን ያህል ያረጀ ብራና ቀለም የሚይዝ መስሎሽ ነው?»

«ዝም በል አንተ! ያንተን ፊት ፈንጣጣ እስከ ኅዳጉ ጽፎበት የለም?»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዛሬ ተማሪዎቼን ሳስተምር እንደምለው፣ «ከተበ» በግእዝ «ጻፈ» ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚሁ ግስ ይወጣሉ። እማማ ውዴም፣ መልእክቱን «ክታብ» ብለው ያደረሱት አያ ካሴም የተሳሳቱት ከሥሩ ሳይርቁ ነው።

ድሬሰሩ ክንዳቸውን ጫር ጫር አድርጎ ሲያበቃ አስጠነቀቃቸው። ክትባቱ ያዘ የሚባለው ውኃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ ነው፤ እስኪወጣ ይፋግ እንዳይሄዱ፣ ካልወጣም ተመልሰው እንዲከተቡ ነገራቸው። የበላይነሽ ቀን ደግሞ ተቃርቧል። እማማ ውዴ በየጠዋቱ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ክንዳቸውን ይመረምራሉ። አላፊ አግዳሚው «አወጣ?» ይላቸዋል። «ምኑን! እንደ ኮረዳ ክንድ ልስልስ ብሎ ቀረ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ ሄደ። ቅቤ የተሞላው ቅል በር ላይ እንደ ተቀመጠ ነው።

አንድ ጠዋት ከግቢያቸው እልልታ ተሰማ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «በላይነሽ ወለደች?» እያለ ሁሉም ይሮጣል።

«አወጣ! አወጣ!» እማማ ውዴ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው ይዘላሉ። ቁስል ወጣብኝ ብሎ እልል ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እናቴ ቁስሉን አይታ እልልታውን ተቀበለች።

ወዲያው ተነሡ። ርብን ተሻግረው፣ ኑጉ ቢጫ ባለበሰው ሜዳ መሀል አልፈው ይፋግ ገቡ። በላይነሽ ምጥ ላይ ነበረች። ሕፃኗን ራሳቸው ተቀበሏት። ፈንጣጣው በመንደሩ ሲዞር ከርሞ ሄደ፤ እማማ ውዴ ግን ክርስትናውን አብልተው፣ ያው ለስላሳ ፊታቸው ወፍሮ ወረታ ተመለሱ። ያን ጊዜ ፈንጣጣ ያልነካቸው አዛውንት ሁሉ፣ ማንም ሳይለምናቸው ወደ ክሊኒኩ ጎረፉ።

እማማ ውዴ ካረፉ ቆይተዋል። ሕፃኗን በእጃቸው ሲቀበሉ አፋቸው ላይ የመጣላቸው አንድ ቃል ነበር፤ በላይነሽም ሌላ ስም አልፈለገችም። ልጅቷ ዘንድሮ ለትምህርት ወረታ መጥታ የእኔው ክፍል ገብታለች። ጠዋት ጠዋት «አገኘሁሽ!» ብዬ እጠራታለሁ።

«አቤት!» ትላለች ከፊተኛው ወንበር።