በሰኔ የተነፉት መለከቶች

ሙርሳል ሰው መናቅ የጀመረው ታንኳ መቅዘፍ ሳይለምድ ነው ይሉታል። በዳቡስ ወንዝ መሐል ባለች ደሴት፣ በምዕራብ ዳርቻዋ ተወልዶ እዚያው ሸበተ። ከአባቱ የወረሰው አንድ ታንኳና ዋዛ የሚሏቸውን ከቅል የተቀጣጠሉ ረጃጅም መለከቶች ነው። መለከቶቹ ማሽላው ታጭዶ እስኪገባ ከጣሪያ ሥር ይሰቀላሉ፤ እህል ሳይገባ መንፋት ነውር ነው። የሚወርዱበትን ቀን የሚናገረው ሙርሳል ነበር። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት የቅርስ ባለሙያው ይልቃል ከአሶሳ መጣ። ከጎጃም የተመደበ፣ ውኃ የሚፈራ ሰው ነው። የምዕራቡን ዳርቻ ቅርስ ከታንኳ ሳይወርድ፣ በአንድ እጁ ጠርዙን ጨምቆ በሌላው እየጻፈ መዘገበ። የደሴቲቱ ሰው የሚዘይረውን የሼክ መቃብር «የድንጋይ ክምር» አለው። የሙርሳል ሚስት ኢቲዳል ዓሣ የምታደርቅበትን ቆጥ ግን «ጥንታዊ የጥበቃ ማማ» ብሎ ከነቁመቱ አሰፈረ። ሙርሳል አላረመውም። ቤቱ ገብቶ ለኢቲዳል ሲነግራት በሳቅ ፈረሰ፤ ይህ ሰው ተምሮ እንዲህ ከሆነ ባይማር ምን ሊሆን ነበር አላት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ይልቃል የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ የመለከቶቹን ጨዋታ ፎቶ አንስቶ ማስገባት ነበረበት። ወሩ ሰኔ ነው።

«ማሽላ ገና ልጅ ነው» አለው ሙርሳል። «አሁን አይነፋም።»

ባለሙያው አልተከራከረም። መዝገቡን ገልጦ «የመለከቶቹ ጠባቂ» ከሚለው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አሳየው።

«እዚህ የእርስዎ ስም ከነፎቶዎ ይገባል። አሶሳ ቢሮው ውስጥ ይሰቀላል።»

ያ ሁሉ ንቀት የት እንደገባ እንጃ። የሰው ሞኝነት የማያመልጠው ሙርሳል ተላጭቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መለከቶቹን አወረደ። የደሴቲቱ ነፊዎች እምቢ ቢሉት ከማዶ ጎረምሶች ለቃቅሞ አስነፋ። ኢቲዳል ለማን ብለህ ነው ብትለው ጀለቢያውን አስተካክሎ ካሜራው ፊት ቆመ።

ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ገባ። ሙርሳል መለከቶቹን አራግፎ ደጁ ላይ ደረደረና ነፊዎቹን ሲጠብቅ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንጋፋቸው ሀይደር ብቻውን መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«የዘንድሮው በሰኔ ተነፍቷል» አለው። «ለከርሞ የሚወርዱበትን ቀን እኛ እንነግርሃለን።»

መለከቶቹን ሰብስቦ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። ረጅሙን ያሸከመው ራሱ ሙርሳል ነበር።